የኔታና ባለሙያዋ ስለ ኤክስኤምኤል ንባብ የተመላለሱት

የኔታ፦ እኔ ዘንድ ቅኔ እየተማረ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተል አንድ ዲያቆን አለ። የብራና መጻሕፍታችን ዝርዝር በኤክስኤምኤል ተጽፎ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ከያንዳንዱ መዝገብ ርእስ ርእሱን ብቻ ለቅሞ እንዲያወጣልኝ ባዝዘው በጃቫ ቋንቋ ፕሮግራም ጽፎ አመጣ፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ርእስ በመክፈቻውና በመዝጊያው ታግ መካከል ለዓይን ጕልህ ሆኖ ተጽፎ ሳለ፣ ፕሮግራሙ በየመጽሐፉ አንጻር «ናል»፣ «ናል» እያለ ገጹን ሞላው። ሰው የሚያየውን ጽሕፈት ማሽኑ ስለ ምን ሊያየው አልቻለም?

ባለሙያዋ፦ የኔታ፣ ዲያቆኑ ኤለመንቱን ካገኘው በኋላ ጽሕፈቱን የጠየቀው «ጌት ኖድ ቫሊዩ» በሚባለው ሜተድ ይመስለኛል።

የኔታ፦ አዎን፤ ይህንኑ ስም ደጋግሞ ሲጠራ ሰምቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያውስ ማሽኑ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ጃቫ የኤክስኤምኤልን ሰነድ አንብቦ በሜሞሪ ውስጥ የሚያቆምበት ሥርዓት ዶም ይባላል፤ በዚህም ሥርዓት ሰነዱ ራሱ፣ በውስጡ ያለው ኤለመንት ሁሉ፣ አትሪቢዩቱም፣ ኮሜንቱም፣ ተራው ጽሕፈትም ሳይቀር፣ እያንዳንዱ ለብቻው ኖድ ተብሎ ይቈጠራል። ርእሱን የያዘው ኤለመንት አንድ ኖድ ነው፤ በውስጡ የተጻፈው ቃል ደግሞ የእርሱ ልጅ የሆነ፣ ነገር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ኖድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የመጀመሪያው የዶም ድንጋጌም የጽሕፈት ኖድ ቫሊዩ ጽሕፈቱ ራሱ እንደ ሆነ፣ የኤለመንት ቫሊዩ ግን ምንጊዜም ናል፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ እንደ ሆነ በማያሻማ ቃል ወስኖታል። ዲያቆኑ እንጀራውን መጠየቅ ሲገባው መሶቡን ጠየቀ፤ መሶቡም እንጀራ እንዳልሆነ መሰከረ።

የኔታ፦ መልሱ ከሕጉ ጋር እንደሚስማማ ተረዳሁ፤ ዳሩ ግን ሕግ አውጪ ያለ ምክንያት ሰውን በጠመዝማዛ መንገድ አያስኬድም፤ ኤለመንቱ ጽሕፈቱን በእጁ ይዞ ሳለ «የኔ አይደለም፣ የልጄ ነው» እንዲል ያስገደደው ምንድር ነው?

ባለሙያዋ፦ ምክንያቱ ከኤክስኤምኤል ትውልድ የመጣ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ኤክስኤምኤልን የሚያውቀው በሂሳብ ዝርዝርና በፕሮግራም ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ስለ ሆነ፣ በአንድ ኤለመንት ውስጥ አንድ ቃል ብቻ የሚኖር ይመስለዋል፤ እርሱ ግን የተወለደው በመጽሐፍ ሰዎች ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 የታወጀው ኤክስኤምኤል፣ በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ከወጣው፣ ትልልቅ ሰነዶችን ለማሰናዳት ከታሰበው ኤስጂኤምኤል ተመርጦና ቀሎ የወጣ ነው። ካዘጋጁትም ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ማይክል ስፐርበርግ ማክዊን፣ አስቀድሞ በ1987 በአሜሪካ በፖኪፕሲ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የተጀመረው፣ የጥንት ጽሑፎችንና የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን በኮምፒውተር ለመመዝገብ የሚያገለግለው ቲኢአይ የተባለው መመሪያ አዘጋጅ ነበር። እርስዎም መዝገብዎን የጻፉት በዚሁ በቲኢአይ መመሪያ ነው።

የኔታ፦ አውቃለሁ፤ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሕዮብ ሉዶልፍ ስም በተሰየመው ማዕከል ከ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች እየመዘገበ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ሥራም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ሉዶልፍ በአባ ጎርጎርዮስ ረዳትነት ግእዝን ያጠና ሰው ስለ ሆነ ስሙ በዚያ ቦታ መቀመጡ ደስ ያሰኛል። ይህ ግን ለጥያቄዬ እንዴት መልስ ይሆናል?

ባለሙያዋ፦ በቀይ ቀለም ይሆናል። ጸሐፊው ብራናውን በጥቁር ቀለም ሲጽፍ ቆይቶ ከእመቤታችን ስም ሲደርስ ብርዑን ለውጦ በቀይ ይጽፋል፤ መዝጋቢውም ይህን ለማመልከት በርእሱ ኤለመንት ውስጥ ሌላ ኤለመንት ይከፍታል። እንዲህ ብለን በወረቀት ላይ እንጻፈው፦

<ርእስ>መጽሐፈ ተአምሪሃ ለ<ቀይ>ማርያም</ቀይ> ድንግል</ርእስ>

እንግዲህ የዚህ ርእስ ልጆች ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያው «መጽሐፈ ተአምሪሃ ለ» የሚል የጽሕፈት ኖድ፣ ሁለተኛው «ቀይ» የተባለው ኤለመንት፣ ሦስተኛው ከክፍት ቦታው ጋር «ድንግል» የሚል የጽሕፈት ኖድ። «ማርያም» የሚለው ቃል ደግሞ የርእሱ ልጅ ሳይሆን የልጅ ልጁ ነው። ይህን የመሰለ ድብልቅ ይዘት ያለውን ኤለመንት «ቫሊዩህ ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚሻ አለመግለጽ ስለ ሆነ፣ የዶም አባቶች ለኤለመንቱ ቫሊዩ ከመስጠት ይልቅ ዝምታን መረጡ።

የኔታ፦ በአንጻሩ ግን ታጎቹን በፊደላችን ጽፈሻቸዋል፤ በመዝገባችን ውስጥ ያሉት በላቲን ፊደል ናቸው።

ባለሙያዋ፦ በወረቀት ላይ ማን ይከለክለናል? በኮምፒውተር ቢሆን ነገሩ ታሪክ አለው። የ1998ቱ ሕግ ለኤለመንት ስም የሚፈቀዱትን ፊደላት የቈጠረው በዩኒኮድ 2.0 መሠረት ሲሆን፣ የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3.0 ነው። ስለዚህ በታጎቹ መካከል የሚቀመጠው ጽሕፈት ግእዝ ቢሆን ተቃውሞ ሳይኖረው፣ የታጉ ስም ግን ግእዝ ሊሆን አይችልም ነበር። በሩ የተከፈተው በ2004 በወጣው ኤክስኤምኤል 1.1፣ ኋላም በ2008 በታተመው በ1.0 አምስተኛ እትም ነው፤ በቀድሞው ሕግ ጸንተው የቀሩ ፓርሰሮች፣ ማለትም ኤክስኤምኤልን የሚያነቡ ፕሮግራሞች፣ ግን ዛሬም አሉና፣ ታግን በላቲን ፊደል መጻፍ ለጊዜው ከችግር ያድናል። ወደ ርእሳችን እንመለስ፤ ለዲያቆኑ ከጓደኞቹ አንዱ «የመጀመሪያውን ልጅ ጠርተህ ቫሊዩውን ጠይቅ» ብሎ ቢመክረው፣ ጥቁር ቀለም ብቻ ያላቸው ርእሶች ሁሉ በደኅና ይወጡለታል፤ ከዚህኛው ሲደርስ ግን የሚያገኘው «መጽሐፈ ተአምሪሃ ለ» ብቻ ነው።

የኔታ፦ «ለ» ብሎ ቀጥ! ለማን እንደ ሆነ ሳይናገር! በቅኔ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ከመቀመጡ በፊት ተግሣጹን ይቀበላል።

ባለሙያዋ፦ ክፋቱ ደግሞ ፕሮግራሙ ስሕተት አለብኝ ብሎ አይጮኽም፤ ከብዙ መቶ ርእሶች መካከል ጥቂቶቹ ተቈርጠው ሲወጡ ልብ የሚለው አንባቢ እንጂ ማሽኑ አይደለም። ኤለመንቱ ባዶ በሆነበት መዝገብ ላይ ግን የመጀመሪያ ልጅ የሚባል ስለሌለ ፕሮግራሙ «ናል ፖይንተር» በተባለው ኤክሴፕሽን ይቆማል፤ ይህስ ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

የኔታ፦ መፍትሔው እንግዲህ ምንድር ነው? ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ መጠየቅ?

ባለሙያዋ፦ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመት ይህንኑ ሲያደርጉ ኖሩ፤ እያንዳንዱም የየራሱን መልቀሚያ ይጽፍ ነበር። በ2004 የጸደቀው የዶም ሦስተኛ ደረጃ «ጌት ቴክስት ኮንቴንት» የሚባለውን ሜተድ አመጣ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ጃቫ 5 ተቀብሎት እስከ ዛሬ አብሮት ይኖራል። ይህ ሜተድ በኤለመንቱ ውስጥ እስከ ታችኛው ትውልድ ድረስ ወርዶ፣ ኮሜንቱንና ለፕሮግራም የሚሰጠውን ትእዛዝ ትቶ፣ ጽሕፈቱን ሁሉ በተጻፈበት ቅደም ተከተል አንድ አድርጎ ይመልሳል። «መጽሐፈ ተአምሪሃ ለማርያም ድንግል» የሚለውም ሳይጐድል ይወጣል። ዲያቆኑ አንዱን የሜተድ ስም በሌላው ቢተካ ናሉ ሁሉ ይጠፋለታል።

የኔታ፦ መልካም! ግን ቆይ፤ ደስታዬን ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኛ በርእሱ ውስጥ የምንጽፈው የብራናውን ቃል ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ቸኵሎ «ማርየም» ብሎ ቢጽፍ፣ የብራናውን ቃል ማክበር ስላለብን «ማርየም» የሚለውን በስሕተትነቱ በአንድ ኤለመንት እንመዘግባለን፤ ተማሪ እንዳይሳሳትበት ደግሞ «ማርያም» የሚለውን እርማት በሌላ ኤለመንት ከጎኑ እናኖራለን፤ ሁለቱንም አማራጭ በሚል በሌላ ኤለመንት እናቅፋቸዋለን። በኅዳግ ያለውንም ማስታወሻ እንዲሁ በዚያው አጠገብ እናሰፍራለን። «ጽሕፈቱን ሁሉ አንድ አድርጎ ይመልሳል» ያልሽው ሜተድ ከዚህ ሲደርስ ምን ያደርጋል?

ባለሙያዋ፦ «ማርየምማርያም» ይላል፤ ማስታወሻውንም ከርእሱ ያለ ክፍተት ያጣብቀዋል።

የኔታ፦ በብራናም በሰው አፍም ያልኖረ ስም! የመጀመሪያው ሜተድ ቃሉን ቈርጦ ጣለ፤ ይኸኛው ደግሞ ያልነበረ ቃል ፈጠረ። ለእኔ ከጐደለ ርእስ ይልቅ የተፈለሰፈ ርእስ ይከፋል፤ ጐዶሎው ሲታይ ያስታውቃልና፣ ፈጠራው ግን በእውነተኛ ስም አምሳል ወደ ዝርዝሩ ገብቶ ይኖራል።

ባለሙያዋ፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ጌት ቴክስት ኮንቴንት የኤለመንቱን ጽሕፈት ያውቃል እንጂ የብራናውን ንባብ አያውቅም። ስለዚህ ለእንደርስዎ ያለ መዝገብ ትክክለኛው ነገር፣ አሮጌው ልማድ ነው ብለን የናቅነውን የራስን መልቀሚያ አስቦ መጻፍ ነው። ሜተዱ አንድ ኖድና ስትሪንግ ቢልደር የሚባል አንድ የጽሕፈት ማጠራቀሚያ ይቀበላል፤ ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሮ «ጌት ኔክስት ሲብሊንግ» እያለ ከወንድም ወደ ወንድም ይሄዳል፤ ያገኘው የጽሕፈት ኖድ ወይም ሲዳታ የተባለው እንደሆነ ጽሕፈቱን በስትሪንግ ቢልደሩ ላይ ይጨምራል፤ ኤለመንት እንደሆነ ስሙን ይመለከታል፤ ስሙ ማስታወሻ ወይም ስሕተት ከሆነ ያልፈዋል፤ ቀይ፣ አማራጭ ወይም እርማት ከሆነ ግን ራሱን ሜተዱን በዚያ ኤለመንት ላይ ደግሞ ይጠራል። ኮዱ ከሃያ መስመር አይበልጥም።

የኔታ፦ በዚያ መንገድ ሲሄድ ከመስመር መጨረሻ ቢደርስስ? የግእዝ ጸሐፊ ዓምዱ ሲሞላበት ቃሉን ከመካከል ሰብሮ ቀሪውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርዳል፤ የስብራት ምልክትም አያደርግም። «ማር» ከላይ፣ «ያም» ከታች ይሆናል።

ባለሙያዋ፦ ቲኢአይ ለዚህ የመስመር ስብራት የሚባል ባዶ ኤለመንት አለው፤ ቃሉ በዚያ እንዳልተከፈለ የሚያመለክት አትሪቢዩትም ይጨመርበታል። ችግሩ መዝጋቢው ፋይሉ ለዓይን እንዲያምር ከኤለመንቱ በፊት አዲስ መስመር ጀምሮ ገባ አድርጎ መጻፉ ነው፤ ለፓርሰሩ ያ አዲስ መስመርና ያ ክፍት ቦታ እንደ ማንኛውም ፊደል ጽሕፈት ነውና፣ «ማር ያም» ተብሎ ተለያይቶ ይወጣል። መልቀሚያችን ይህን ኤለመንት ሲያገኝ ከስትሪንግ ቢልደሩ ጫፍ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ መልሶ ማንሣት፣ ከሚቀጥለውም ጽሕፈት መነሻ ላይ ያለውን መተው አለበት። ቦታውን ኋላ በጅምላ አስተካክላለሁ የሚል ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ብዙውን ክፍት ቦታ ወደ አንድ ቢያሳንሰውም ያ አንዱ በማርያም ስም መካከል ይቀራል።

የኔታ፦ ቃላቱን የምንለይበት ሁለት ነጥብስ?

ባለሙያዋ፦ እርሱ በዩኒኮድ ዘንድ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ክፍት ቦታ ተብሎ አልተቈጠረም። የጃቫው ትሪም፣ ከጃቫ 11 ጀምሮ የመጣው ስትሪፕም አይነካውም፤ ርእሱን በክፍት ቦታ ልክፈል ቢሉም በሁለት ነጥብ የተለዩት ቃላት እንደ አንድ ረዥም ቃል ይቈጠራሉ። ቃላቱን ለመፈለጊያ ዝርዝር የምንከፍል ከሆነ ነጥቡን ራሳችን ጠርተን መናገር አለብን።

የኔታ፦ ደኅና። አሁን ደግሞ ዲያቆኑ ናሉን ያጠፋ መስሎት ያመጣውን ሁለተኛ ዝርዝር ልንገርሽ። ያንዱ ብራና ርእስ ተብሎ የወጣው፣ አንድ የውጭ አገር ሊቅ በዘመናችን ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ ሆኖ አገኘሁት።

ባለሙያዋ፦ «ጌት ኤለመንትስ ባይ ታግ ኔም» በሚለው ፈልጎ ይሆናል። ይህ ሜተድ በስሙ የተጠራውን ኤለመንት በቅርብ ልጆች መካከል ብቻ ሳይሆን በዘር ማንዘር ሁሉ ውስጥ ይፈልጋል፤ በቲኢአይ መዝገብ ደግሞ ርእስ የሚባለው ኤለመንት በፋይሉ መግለጫ ላይ፣ በብራናው ይዘት ላይ፣ እንዲሁም በመጨረሻው በተጠቀሱት መጻሕፍት ዝርዝር ላይ ይገኛል። ስለዚህ ርእስን በስሙ ሳይሆን በአድራሻው መጥራት ይሻላል፤ ለዚህም ከጃቫ 5 ጀምሮ ኤክስፓዝ አብሮን አለ። በብራናው መግለጫ ሥር፣ በይዘቱ ሥር፣ ርእስ ብሎ መንገዱን መጻፍ ነው።

የኔታ፦ ይህን የመሰለ ነገር እያለ ለምን ከዚህ አልጀመርሽም?

ባለሙያዋ፦ ኤክስፓዝም የራሱ ወጥመድ ስላለው ነው። የቲኢአይ ኤለመንቶች ሁሉ ኔምስፔስ በሚባል የቤተሰብ ስም የታሰሩ ናቸው፤ የጃቫው ዶኩመንት ቢልደር ፋክቶሪ ደግሞ ካልነገሩት በቀር ኔምስፔስን አያስተውልም። «ሴት ኔምስፔስ አዌር» የሚለውን እውነት አድርጎ፣ በኤክስፓዙም መንገድ ላይ ለእያንዳንዱ ስም ቅድመ ቅጥያውን ሰጥቶ ካልሄዱ መንገዱ ምንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል፤ ምንም ባለማግኘቱም አይከስስም፤ ባዶ ጽሑፍ ሰጥቶ ዝም ይላል።

የኔታ፦ ባዶ ጽሑፍ ደግሞ በእኛ ዘንድ ትርጉም አለው። ርእሱ ጨርሶ ያልተመዘገበለት ብራና አንድ ነገር ነው፤ ርእሱ የሚጻፍበት ቦታ ተከፍቶ ንባቡ በመጥፋቱ ባዶውን የቀረ ብራና ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የመዝጋቢው ቸልታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የብራናው ጕዳት ነው።

ባለሙያዋ፦ ኤክስፓዝን ጽሑፍ ስጠኝ ካሉት ለሁለቱም አንድ ዓይነት ባዶ ይሰጣል። ኖዱን ስጠኝ ካሉት ግን ይለያቸዋል፤ ኤለመንቱ ከሌለ ናል፣ ባዶ ኤለመንት ከሆነ ኤለመንቱ ራሱ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ጽሕፈቱን በመልቀሚያችን መጠየቅ ነው። ለእርስዎ ሥራ ይህ ሁለተኛው መንገድ ግድ ነው።

የኔታ፦ መዝገቦቻችን እየበዙ ሲሄዱ ማሽኑ ሁሉን በአንድ ጊዜ በሜሞሪው ሊሸከም ይችላልን?

ባለሙያዋ፦ እያንዳንዱ ብራና የራሱ ትንሽ ፋይል ስላለው ዶም ይበቃችኋል። ፋይሉ እጅግ ሲገዝፍ ግን ሰነዱን በሜሞሪ ሳያቆሙ እያለፉ የሚያነቡባቸው ሳክስና ስታክስ አሉ። በዴቪድ ሜጊንሰን መሪነት በ1998 የወጣው ሳክስ ጽሕፈት ባገኘ ቍጥር «ካራክተርስ» የተባለውን ሜተድ ይጠራል፤ አንዱን ቃል ከፋፍሎ በሁለትና በሦስት ጥሪ የማምጣት መብት ግን ተሰጥቶታል። ያንን ያላወቀ ሰው የመጨረሻውን ቍራጭ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ የሚያውቅ ግን ኤለመንቱ ሲከፈት ስትሪንግ ቢልደሩን ባዶ አድርጎ፣ እየተጠራቀመ ቆይቶ፣ ኤለመንቱ ሲዘጋ ያነባል፤ ይህም ቢሆን የሚሠራው ኤለመንቱ ሌላ ኤለመንት ካላቀፈ ነው፤ ቀይ ሲከፈት ባዶ ያደረገ ሰው ከቀዩ በፊት የነበረውን ያጣል። ከጃቫ 6 ጀምሮ ያለው ስታክስ ደግሞ «ጌት ኤለመንት ቴክስት» የሚባል ሜተድ አለው፤ እርሱም በውስጥ ሌላ ኤለመንት ካገኘ እምቢ ብሎ ኤክሴፕሽን ይጥላል። ብዙ ሰው በዚህ ያማርራል፤ እኔ ግን ከጌት ቴክስት ኮንቴንት ይልቅ ይህን አከብረዋለሁ፤ የማያውቀውን ቀይ ቀለም ሲያይ በራሱ ሥልጣን አልወሰነምና።

የኔታ፦ እንግዲያውስ አንድ የቀረኝን ልጠይቅሽ። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም በቦታው የተጻፈባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው፤ እኛም የተፋቀውን መርምረን ማንበብ በቻልንበት ሁሉ መዝግበነዋል። መልቀሚያሽ ለዚህ ምን ያደርጋል?

ባለሙያዋ፦ ያዘዙትን ያደርጋል፤ ቲኢአይ ለፍቁም ለተጨመረውም የየራሳቸው ኤለመንት አለው፤ የትኛው ንባብ እንደ ሆነ ግን ከኮዱ ውስጥ የሚገኝ ምንም ምልክት የለም።

የኔታ፦ ለንባብ ዝርዝር ፍቁ አይግባ፤ ጸሎተኛ የሚያነበው በላዩ የተጻፈውን ነው። የባለቤቶችን ስም ስንዘረዝር ግን ሁለቱም ይግቡ፤ የፊተኛውም ይቅደም።

ባለሙያዋ፦ ያ ከሆነ የሚዘለሉት ኤለመንቶች ስም በሜተዱ ውስጥ ተቀብሮ መቀመጥ የለበትም። ሜተዱ ከኖዱና ከስትሪንግ ቢልደሩ ጋር የሚዘለሉትን ስሞች ስብስብ በሦስተኛ እንዲቀበል አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ለርእስ አንድ ስብስብ፣ ለንባብ አንድ፣ ለባለቤቶች ሌላ እንሰጠዋለን። በስብስቡ ያልተጠቀሰ፣ ከዚህ በፊትም ያልታየ የኤለመንት ስም ሲያጋጥመው ደግሞ በዝምታ አይለፍ፤ የብራናውን ቍጥርና የኤለመንቱን ስም ጽፎ ያስታውቅ።

የኔታ፦ ስብስቦቹንስ ማን ይጽፋቸዋል?

ባለሙያዋ፦ እርስዎ ነዎት እንጂ፣ የኔታ፤ እኔ እርማት ከስሕተት የሚለይበትን አላውቅ።

የኔታ፦ እንግዲያው ወረቀቱን ወደዚህ አቅርቢልኝና ጻፊ፤ ከርእስ የሚዘለሉ፦ ማስታወሻ፣ ስሕተት፣ ፍቅ። ከባለቤቶች የሚዘለሉ፦ ማስታወሻና ስሕተት ብቻ። ጸሐፊው ጀምሮ የተወው ቃል የሚመዘገብበት ኤለመንት ግን ጥያቄ አለበትና፣ ያንን ብራናዎቹን አንድ በአንድ አይቼ እስክነግርሽ ድረስ ከየትኛውም ስብስብ አታግቢው፤ ሜተድሽ ባገኘው ቍጥር ያስታውቀን።